የማይጠብቀው ትምህርት፦ በሳተላይት ስለተሠራጨው የሳይንስ ትምህርት የቀረበ ሒስ

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተሠራጨው የሂሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ትምህርት ብዙ ተመስግኖአል፤ ብዙም ተነቅፎአል። ነቃፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያነሡት የእንግሊዝኛውን ፍጥነትና የመብራቱን መቋረጥ ነው። ሁለቱም ነቀፌታዎች እውነትነት አላቸው። ይሁን እንጂ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁለቱ የከፋ ሌላ ጉድለት ነበረ፤ እርሱም መብራት ከቶ ባይጠፋ፣ ትምህርቱም ተማሪው አፉን በፈታበት ቋንቋ ቢሰጥ ኖሮ እንኳ የማይቀር ነበር።

በቅድሚያ ለሥራው የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ የፊዚክስ መምህርም በማይበረክትበት የወረዳ ከተማ የሚማር ልጅ የሕዋስን መከፈል በሚንቀሳቀስ ሥዕል ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። በጠመኔ የተሣለ ሕዋስ አይከፈልምና።

አሠራሩ ግን የሚከተለው ነበር። 40 ደቂቃ ከሚሆነው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይይዛል፤ ለመምህሩ በመጀመሪያ ለማስተዋወቅ፣ በመጨረሻም ለማጠቃለል ጥቂት ደቂቃዎች ይተዉለታል። ትምህርቱ አስቀድሞ የተቀረጸና ለትምህርት ቤቶች ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ በመሆኑ ማስቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። በመስኮቱ የሚታየው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለጥቂት ሰኮንዶች ይታገሣል፤ ከዚያም መልሱን ራሱ ይሰጣል።

ይህ አሠራር በሳይንስ ትምህርት ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት ከሁሉ የቀለለውን ምሳሌ እንውሰድ። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለውን ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። አባባሉ በባሕር ወለል ላይ ላለው የአየር ግፊት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከፍታ በየ300 ሜትሩ በጨመረ ቍጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በደብረ ብርሃን በ91፣ በባሕር ዳር በ94፣ በጋምቤላ ደግሞ በ98 ገደማ ይፈላል። ከባሕር ወለል በታች በሆነው የዳናክል ረባዳ ሥፍራ ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። እንግዲህ የደጋው ልጅ በመጽሐፍ ያነበበው ዓይነት ፈላ ውኃ በቤቱ አይቶ አያውቅም። ምናልባት እናቱ ሳትሻል አትቀርም፤ ንፍሮው እስኪበስል የሚፈጀውን ማገዶ የምትቈጥረው እርሷ ናትና።

አሁን አንድ ተማሪ ቴርሞሜትሩን በሚፈላ ውኃ ውስጥ ከትቶ 92 አነበበ እንበል። የሳይንስ ትምህርት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ይከቱታል፤ በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በከፍታ ምክንያት እምብዛም ስለማይለወጥ፣ 0 ካሳየ በዚያ በኩል እንከን እንደሌለው ይታወቃል። ውኃው ጨው ኖሮት ይሆን? ጨው ቢኖረው ኖሮ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይል ነበር እንጂ ዝቅ አይልም። እንዲህ ጥርጣሬው አንድ በአንድ ሲወገድ በመጨረሻ የሚቀረው የአየሩ ግፊት ነው። ይህ ምርመራ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ሥርጭቱ ይህን ጊዜ አልሰጠም፤ ሊሰጥም አይችልም ነበር። ለጋምቤላውና ለደብረ ብርሃኑ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚናገር ድምፅ በሁለቱ ማንቈርቈሪያዎች መካከል ስላለው የ7 ዲግሪ ልዩነት ለመነጋገር አይቆምም። በመሆኑም ተማሪው በገዛ ዐይኑ ያነበበውን ትቶ በመስኮቱ የተነገረውን መጻፍ ይለምዳል። መምህሩም ሙከራው በቴሌቪዥን ተሠርቶ ስለሚመጣለት የራሱን ዕቃ ለመጣድ የሚገፋፋው ምክንያት ያጣል።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ወግ ብቻ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመደቡ ተደርጎ ነበር። ምደባው በመመሪያ ሊፈጸም ቻለ፤ የመለካትና ልኬትን የመጠርጠር ልማድ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በክፍል ውስጥ መገኘት ነበረበት።

ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር የሚታየውን የትምህርት ፊልም መምህሩ በፈለገበት ቦታ ማስቆም ይችላል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ ሲቆም በጠረጴዛው ላይ ምድጃ፣ ማንቈርቈሪያና ቴርሞሜትር ከሌሉ መቆሙ ብቻውን ትርጉም የለውም። በማሠልጠኛ ኮሌጆቻችንም ዕጩ መምህራን ፊልሙን የት ላይ ማቆም እንደሚገባቸው ሊለማመዱ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የፈተናው ጉዳይ ነው። «ንጹሕ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ተብሎ ምርጫ ቢቀርብለት፣ ራሱ ለክቶ ያገኘውን 92 የመረጠ የአዲስ አበባ ተማሪ ነጥብ ያጣል። ጥያቄ አውጪው «በባሕር ወለል ላይ» የሚሉትን ቃላት ቢጨምር፣ ይልቁንም የአንድን ከተማ ከፍታ ሰጥቶ ቢጠይቅ፣ መምህሩ ማንቈርቈሪያውን የሚጥድበት በቂ ምክንያት ያገኛል።