ሁለቱ ነቀርሳዎች

በአማርኛችን «ነቀርሳ» የሚለው ስም ሁለት ደዌያትን በአንድ ቀንበር ጠምዶ ኖሯል፤ ሰው «የሳንባ ነቀርሳ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ በአጭሩ ቲቢ የምንለውን ተላላፊ በሽታ ማለቱ ሲሆን፣ ያው ስም ደግሞ ሥጋ ከሥርዐቱ ወጥቶ ያለ ልክ የሚያድግበትን፣ የጥንት ግሪኮች በሸርጣን ስም ስለ ጠሩት ዛሬ ዓለም ሁሉ ካንሰር የሚለውን ደዌ ይጠራበታል። ይህን የስም መደራረብ በወጣትነቴ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት ጣጣ አድርጌ እቈጥረው ነበር፤ በጤና መኮንንነት ብዙ ዘመን በጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ በኋላ ግን ሁለቱ ነቀርሳዎች የተደባለቁት በቋንቋው ብቻ ሳይሆን በእኛ በመርማሪዎቹ ኅሊና ጭምር እንደ ሆነ፣ ያውም በሌላ ሰው ዋጋ ተማርሁት።

ሳል የማይሰማበት የጤና ጣቢያ ማለዳ የለም። ከደጃፉ አግዳሚ ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ጉንፋን ይዞት፣ አንዱ አስም አፍኖት፣ ሌላው የሳንባ ምች አትኵሶት ይስላል፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሁሉ ስለ ቲቢ አክታው ይመርመር የሚለው ደንባችንም ብዙ ነፍስ ያዳነ ደንብ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ አንዳች ነቀፋ የለኝም። ካንሰሩ በዚያ አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው እንደ እንግዳ ነው። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ የተጠናና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት አልፎ ስለ ሳል ወደ ቅርብ ሐኪማቸው ከሄዱት 1000 ሰዎች የሳንባ ካንሰር የሚገኝባቸው 4 ያህል፣ ደም ከተፉትም 1000 ሰዎች 24 ያህል መሆናቸውን ያሳያል። ቲቢ በበዛበት በእኛ አገር ይህ ቍጥር እንዳለ ይሠራል ባልልም፣ ከ996ቱ ጋር ውሎ የሚያድር ዓይን 4ቱን ለማየት ምን ያህል እንደሚቸገር ግን ከእርሱ ይታወቃል። ከዚያው ጥናት ይልቁን የመሰጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ በሽተኛው ስለዚያው ሳል ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ጥርጣሬው ከፍ እያለ ይሄዳል። እንግዲህ የተመለሰ በሽተኛ ራሱ ምልክት ነው፤ እኛ ግን የተመለሰውን በሽተኛ ብዙ ጊዜ እንደ ነዝናዛ እናየዋለን።

በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ ሳለሁ፣ ዛሬ የቲቢን ባክቴሪያ የምንለይበት ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ገና ሳይደርሰን፣ ዕድሜያቸው ከ50 ጥቂት ያለፈ፣ በእንጀራ ጋገራ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ሳል ይዟቸው መጡ። አክታቸው ሦስት ጊዜ በማይክሮስኮፕ ታይቶ ባክቴሪያው አልተገኘም፤ የሰጠሁት አሞክሲሲሊን አልሻላቸውም፤ ራጁ በቀኝ ሳንባቸው ላይ ጥላ አሳየ። ሰውነታቸው ከስቷል፣ ሌሊት ያልባቸዋል፤ ስለዚህ አክታው ባያሳይም ቲቢ ነው ብዬ መድኃኒቱን አስጀመርኋቸው። በዚያ ቀን የወሰንሁት ውሳኔ ስሕተት ነው አልልም፤ ደንቡም ይፈቅደው ነበር፤ ስሕተቱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። የበሽታውን ስም በካርዱ ላይ ከጻፍሁ በኋላ ዳግመኛ ልጠይቀው አልቻልሁም፤ የራሴ ብዕር የጻፈው ቃል በራሴ ላይ ሕግ ሆነብኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየማለዳው እየመጡ በዓይናችን ፊት ክኒናቸውን ዋጡ፤ ሁላችንም በየቀኑ አየናቸው፣ ማንም ግን አልተመለከታቸውም።

በአራተኛው ወር ክብደታቸው እንደ ገና ቀንሶ ሲገኝ፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ መድኃኒቱን ሳይሆን በሽተኛዋን ጠረጠርሁ። «እማማ፣ ጠበል ሄደው መድኃኒቱን አቋርጠው ይሆናል» አልኋቸው። እርሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ስለው ሲያበቁ «ጠበሉንም ጠጥቻለሁ፣ ክኒኑንም ውጫለሁ ልጄ፤ እግዜር ሁለቱንም አንድ ላይ አይከለክልም» አሉኝ። እኔ ግን በካርዱ ላይ «አቋርጠዋል ተብሎ ይጠረጠራል» ብዬ ጻፍሁ። ካርዱን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ነው ጣቶቻቸውን ያየሁት። በጥፍሮቻቸው ዙሪያ የጤፍ ሊጥ ደርቋል፤ ከሊጡ በላይ ግን ጥፍሮቹ እንደ ማንኪያ ጀርባ ጎብጠዋል፣ ጫፋቸውም እንደ ነጋሪት መምቻ ደንድኗል። የሁለቱን እጆች የቀለበት ጣት ጥፍር ለጥፍር አጋጥመው እንዲያሳዩኝ ለመንኋቸው። በጤነኛ ሰው እጅ በሁለቱ ጥፍሮች መጋጠሚያ መካከል የምስር ፍሬ የምታህል የብርሃን ቀዳዳ ትታያለች፤ ወደ መስኮቱ አዙሬ ብመለከት ብርሃኑ የለም። ይህን ዘዴ ያገኘው ሊዮ ሻምሮት የተባለ የደቡብ አፍሪካ የልብ ሐኪም ሲሆን፣ የተማረውም ታሞ ሳለ ከገዛ ጥፍሮቹ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ጻፈው። የጣት ማበጥ የካንሰር ብቻ ምልክት አይደለም፤ የቈየ የሳንባ መግልም፣ አንዳንድ የልብ ሕመምም ያመጣዋል። ሆኖም ያ የጠፋ ብርሃን የጻፍሁትን ስም እንድፍቀው አስገደደኝ።

ከዚያ በኋላ እንደ ጀማሪ ተማሪ ከራስ ፀጉራቸው ጀምሬ መረመርኋቸው። ጀርባቸውን በጣቴ ስመታ የቀኙ ታች እንደ ሞላ ጋን ደነቈረ፤ ውሃ ቋጥሯል። (በጣት እየመቱ መመርመርን እ.ኤ.አ. በ1761 ለዓለም የጻፈው ኦስትሪያዊው አውንብሩገር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበርና፣ ነገሩን ያወቀው አባቱ የወይን በርሜሎችን እየመታ ልካቸውን ሲለይ አይቶ ነው ይባላል፤ የእኛም ጠላ ጠማቂዎች ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አልተማሩትም።) ከአንገታቸው ሥር፣ ከትከሻው አጥንት በላይ ባለችው ጕድጓድ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ ጠንካራ የሆነ፣ ሲነኩት የማያም እጢ ነበረ። ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «ከፋሲካ በፊት» አሉኝ። ወቅቱ ጳጕሜን ነበር።

የሳንባ ካንሰር የራሱ መልክ የለውም፤ የሌላውን መልክ ተውሶ ይመጣል። አንድ መሪጌታ ድምፃቸው ሰልሎ ሦስት ወር ሙሉ ጕሮሮ ነው ተብለው ማርና ዝንጅብል ሲጠጡ ቈይተው መጡ፤ ነገሩ ያለው ግን በጕሮሮ ሳይሆን በደረታቸው ነበር፤ ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው የግራው ነርቭ ወደ ደረት ወርዶ ታላቁን የደም ቧንቧ ዞሮ ወደ ላይ ስለሚመለስ፣ በዚያ ያበጠ ነገር ሲጫነው ዜማው ይቋረጣል። የሳንባው ጫፍ ሲታመም ደግሞ ሕመሙ ከትከሻ ተነሥቶ እስከ ትንሿ ጣት ይወርዳልና በሽተኛው ቍርጥማት ተብሎ በቅባት ይታሻል፤ የዓይኑ ቆብ በዚያው ወገን ዝቅ ማለቱን የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። ጧት ጧት ፊቱና አንገቱ የሚያብጠውን ሰው ኵላሊት ነው ብሎ ከመሸኘት በፊት የደረቱን ደም ሥሮች ማየት ይገባል። ደም መትፋት የሁሉ አስፈሪ ነው፤ ነገር ግን ከሚታመሙት የሚበዙት ወደ እኛ ሲመጡ ደም አይተፉም፤ ደሙን ስንጠብቅ ጊዜው ያልፋል።

ስለ ትንባሆ የምንጠይቀውም ጥያቄ የተበላሸ ነው። በሃይማኖት ልማዳችን ትንባሆ ነውር ስለ ሆነ «ያጨሳሉ?» ተብሎ በሰው ፊት የተጠየቀ ሽማግሌ አይ ይላል፤ ጋያ የሚስበውም ሲጋራ አላጨስሁም ሲል በራሱ በኩል እውነቱን ነው። አጭሶ የማያውቅ ሰውም በዚህ ደዌ ይያዛል። ለእማማ የሚገባው ጥያቄ በየትኛው ማድ ቤት፣ በምን ማገዶ፣ ስንት ዓመት ጋገሩ የሚል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስን በተረጋገጡት የካንሰር መንሥኤዎች ተራ፣ የእንጨቱን ጭስ ደግሞ ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ተራ አስቀምጦታል። እማማ መስኮት በሌለው ማድ ቤት 30 ዓመት አጭሰዋል ማለት ይቻላል፤ ሲጋራ ግን በአፋቸው ገብቶ አያውቅም።

ስለ ራጅ አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። የሳንባ ካንሰር በሽተኞች ራጅ ከአምስት በአንዱ ገደማ ነገሩን ላያሳይ ይችላል፤ ከልብ ጥላ በስተኋላ፣ ከአጥንቱም ሥር የሚሸሸግበት አለ። ስለዚህ ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ ምልክቱ ካልለቀቀ በሽተኛው መሸኘት ያለበት ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው። በሪፈሩ ወረቀት ላይም «ለተሻለ ሕክምና» የምትለዋን የተለመደች ሐረግ መጻፍ ከትቻለሁ፤ ሳሉ በየትኛው ወር እንደ ጀመረ፣ ምን መድኃኒት ስንት ሳምንት እንደ ተሰጠ፣ ምን እንዳልተሻለ፣ ምን ብዬ እንደ ተሳሳትሁ ጭምር እጽፋለሁ። ወረቀቱን የሚቀበለው ወጣት ሐኪም እኔ ለበሽታው የሰጠሁትን ስም ተቀብሎ እንዳይቀጥልበት ነው።

እማማን በማግሥቱ ላክኋቸው። ውሃው ተቀዳ፣ ከእጢውም ናሙና ተወሰደ፤ የሚመጣውንም ውጤት አስቀድሜ አውቄው ነበር። ደዌው ከመነሻው ርቆ ሄዷል፤ የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በአገሩ ሁሉ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ የሚገኝ ነበርና፣ ወረፋውንና የመንገዱን ወጪ አስበው ቤቴ ልሁን አሉ። ከመስቀል በኋላ አንድ ቀን በልጃቸው ተደግፈው መጡና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው፣ በመጨረሻው ወር የሰጠናቸውን የቲቢ ክኒን ትራፊ ከጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «የእኔ ካልሆነ ለባለቤቱ ስጠው፣ ልጄ» አሉኝ። ከሄዱ በኋላ ካርዱን አወጣሁ፤ የተሰጣቸውን ቀን፣ እንዲያቆሙ የተነገራቸውንም ቀን አስቤ ክኒኖቹን አንድ በአንድ ቈጠርኋቸው። አንድም ቀን አልዘለሉም።