የካ በኢቭሊን ዎ ልቦለድ

የእንግሊዝ ልቦለድ አንባቢ የባላባቶቹን የርስት ቤቶች በሚገባ ያውቃቸዋል፤ ግራና ቀኙን ዛፍ የተተከለበት መንገድ፣ የአበባ ሥፍራ፣ ድምፁ የማይሰማ አሽከር፣ በዚህ ሁሉ መካከል የሚሰለች ጌታ። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በእውን ከቆሙ ቤቶች የተቀዱ ናቸው። ኢቭሊን ዎ እ.ኤ.አ. በ1945 ላሳተመው «ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ» ዋና መነሻ የሆነው ማድረስፊልድ የተባለው የላይጎን ቤተሰብ መኖሪያ ነው። ይኸው ደራሲ ከዚያ 13 ዓመት አስቀድሞ ሌላ ግቢ በልቦለድ ፈጥሯል፤ የዚህኛው መነሻ ደግሞ እዚሁ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ይገኛል።

ዎ በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት የተፈጸመውን የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ሥርዓተ ንግሥ ለጋዜጣ ሊዘግብ አዲስ አበባ ገባ። ዐፄ ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ ለእንግሊዝ በሰጡት ሰፊ መሬት ላይ የተቋቋመው ሌጋሲዮን ያን ጊዜ ከከተማው ርቆ ለብቻው የተቀመጠ ሰፈር ነበር። ደራሲው ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1932 «ብላክ ሚስቺፍ»ን አወጣ። የፈጠራዋ ደሴት አዛኒያ በጦርነት ትታመሳለች፤ ከመዲናዋ 7 ማይል ርቆ በሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግን ሰር ሳምሶን ኮርትኒ በገላ መታጠቢያው ውስጥ በላስቲክ አውሬ ይጫወታል፤ ሚስቱ አበባዋን ትኮተኩታለች። በጊዜው መልእክተኛ የነበሩት የሰር ሲድኒ ባርተን ቤተሰቦች በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን አይተው ተቀይመዋል ይባላል።

ዎ ከዚህ ልቦለድ ከፊሉን የጻፈው በማድረስፊልድ ተቀምጦ ነው፤ መታሰቢያነቱንም የሰጠው ለሁለቱ የላይጎን እኅትማማቾች ነው። የየካው ግቢ በብራይድስሄድ ጣሪያ ሥር ተጻፈ ብንል ብዙም አላጋነንን። ብዕሩ የሚሰላውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ በሰው አገር መሬት ላይ ተንደላቅቆ ስለ አገሩ ምንም የማያውቀውን መደብ ከውስጥ ያውቀዋል። ከአጥሩ ሲወጣ ግን ይዶለዱማል። አዛኒያዊው ወይ ሰው በላ ነው፣ ወይ ሥልጣኔን የሚቀልድበት ወጣት ንጉሥ። የሚያስብ፣ የሚያዝን፣ የሚያርስ ሰው የለም። ዎ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው የጉዞና የጦርነት መጽሐፍ ለፋሺስት ወረራ መወገኑን ላስታወሰ ሐያሲ፣ ይህ ዕውርነት የቀልድ ብቻ ሆኖ አይታየውም።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) አጠገቡ ብናስቀምጥ ልዩነቱ ይጎላል። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያለባት ዲማ ሐዲስ በተማሪነት የኖሩባት እውነተኛ የጎጃም ሥፍራ ናት። አንባቢው በዚያ ቤት የሰብለ ወንጌልን ጭንቀት፣ የጉዱ ካሣን ሽሙጥ፣ የገባሩን ሸክም በአንድነት ያያል፤ ገበሬው ሲያምፅም የምሬቱን ምንጭ አስቀድሞ ያውቀዋል። ፊታውራሪው እንኳ አንዳንዴ ያሳዝናሉ። ሐዲስ አጥሩን ከሁለቱም ወገን ያውቁታል።

ይህ ማለት ግን ዎን እንጣለው ማለት አይደለም። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ ከተማው ሲዘረፍ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች የተጠለሉት በዚሁ የየካ ግቢ ነበር፤ ልቦለዱ ይህን የመሰለ ትዕይንት ከ4 ዓመት በፊት ስሎታል። መምህራን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ቢያስነብቡ መልካም ነው። እኔ ደግሞ ማንበብ የምሻው ሦስተኛ መጽሐፍ አለ፤ የሌጋሲዮኑ አትክልተኛ፣ ፈረስ ጠባቂና ወጥ ቤት የሰር ሳምሶንን ጨዋታ ቆመው ሲመለከቱ ማታ ወደ የካ መንደራቸው ይዘውት የሚመለሱትን ወሬ የሚነግረን።