በኪራይ ስለሚገኝ ደስታ

ወጣቶች ሆይ፤

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ምሳሌ በመምህርነት ዘመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ተማሪዎቼም በደብተራቸው ገልብጠውታል። ምሳሌው ለመጻፍ ቀላል፣ ለመፈጸም ግን ከባድ መሆኑን የተረዳሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ አገር በአንድ የኪራይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ በጉዞ ላይ ኀይለኛ መኪና ተከራይቶ መደሰት የሚባለውን ልማድ በዚህ ጽሑፍ ልመረምር አስቤአለሁ። የሚመሰገነውን አመሰግናለሁ፤ የሚነቀፈውንም እነቅፋለሁ። ነቀፌታው በመጨረሻ በማን ላይ እንደሚያርፍ ግን አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። አሜሪካኖች «መስል ካር» ብለው የሚጠሩት የመኪና ዓይነት አለ፤ ባለ ጡንቻ መኪና ማለት ነው። አሠራሩ ባጭሩ ሲነገር፣ ለትልቅ መኪና የተዘጋጀውን ሞተር አነስ ባለ መኪና ውስጥ መግጠም ነው። ክብደቱ አንሶ ኀይሉ ስለሚበዛ፣ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ከወንጭፍ እንደ ወጣ ድንጋይ ይሆናል። ብዙ ሰዎች የዚህ ዓይነት መኪና መጀመሪያ አድርገው የሚቈጥሩት፣ ፖንቲያክ የተባለው ድርጅት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ያወጣውን «ጂ ቲ ኦ» ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 17 ቀን ፎርድ «ሙስታንግ» የተባለውን መኪና በኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ሙስታንግ ማለት በአሜሪካ ሜዳ የሚጋልብ፣ ያልተገራ ፈረስ ነው።

ማከራየቱም ብዙ አልቈየም። በ1966 ኸርዝ የተባለው አከራይ ድርጅት፣ ካሮል ሼልቢ ከተባለው የእሽቅድምድም ነጂና መኪና ሠሪ ጋር ተስማምቶ፣ «ጂ ቲ 350 ኤች» የተባሉ 1000 ያህል ሙስታንጎችን ለኪራይ አሰማራ። አብዛኞቹ ጥቁር ቀለም ተቀብተው በላያቸው ወርቅማ መስመር ተሰምሮባቸው ነበር። ዕድሜው 25 ዓመት ያልሞላው ሰው እንዳይከራያቸው ተከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንድ ተከራዮች ቅዳሜና እሑድ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ እየወሰዱ ሲጋልቧቸው ውለው፣ ጎማቸው አልቆ ፍሬናቸው ደክሞ ይመልሷቸው እንደ ነበር እስከ ዛሬ እየተሣቀ ይነገራል። እኔ ግን ታሪኩን በሰማሁ ጊዜ ከሣቁ ይልቅ ጥያቄው ያዘኝ። መኪናው የራሳቸው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያደርጉት ነበርን? የሰው ጠባይ የሚታወቀው የራሱን ገንዘብ ሲይዝ ብቻ ሳይሆን፣ የሌላውን ሲይዝም ነው።

ያ ዘመን ዕድሜው አጭር ሆነ። የኢንሹራንሱ ዋጋ ናረ፤ በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ጠበቀ፤ በ1973 ደግሞ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ስላገዱ የቤንዚኑ ሰልፍ የሞተሩን ጩኸት ዝም አሰኘው። ከብዙ ዓመት በኋላ የመኪናው ዓይነት እንደገና ቢያንሠራራም፣ ዶጅ «ቻሌንጀር»ን በ2023 መጨረሻ፣ ሼቭሮሌ ደግሞ «ካማሮ»ን በዚያው ጊዜ ገደማ መሥራት አቆሙ። ስለዚህ ዛሬ ይህን መኪና የሚከራይ ሰው የሚከራየው መኪናውን ብቻ ሳይሆን፣ ያለፈ ዘመንን ትዝታም ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የእኅቴ ልጅ በሳን ሆዜ ከተማ ይኖራል። ሥራው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሲሆን፣ ሌሊት ሌሊት ይሠራል። የራሱ መኪና አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ እኔን አገር ለማሳየት ብሎ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ወሰደና፣ ጣራው የሚከፈት ቀይ ሙስታንግ ተከራየ። ዋጋውን ስሰማ የመምህርነቴ ቍጣ ተነሣ።

«ልጄ፣ ይህ ገንዘብ ለእናትህ ቢላክ አይሻልም ነበርን?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ለእናቴ የሚላከው ተልኳል» አለኝ። «ዓመቱን ሙሉ ሽማግሌ ሳገላብጥ ነው የማድረው። ሁለት ቀን ጣራ የሌለው መኪና ብነዳ ምን አለበት? ሰኞ ጧት መልሼው በኮሮላዬ እሄዳለሁ።»

መልስ አጣሁለትና ገባሁ።

በመንገድ ላይ ስለ መኪናው ሲያጫውተኝ አንድ ነገር ነገረኝና አሣቀኝ። ተከራዩ መኪናውን ሲመርጥ በውሉ ላይ «ሙስታንግ ወይም የመሰለው» ተብሎ ይጻፋል። ከዚህም በላይ ለኪራይ የሚቀርቡት ሙስታንጎች ብዙዎቹ እንደ ጥንቶቹ ባለ 8 ሲሊንደር ሳይሆኑ፣ 2.3 ሊትር የሆነ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ያላቸው ናቸው። ተርቦ ታክሎበት 300 የሚያህል የፈረስ ጉልበት ስለሚሰጥ ደካማ አይባልም፤ ነገር ግን የመኪናው ወዳጆች እውነተኛው ባለ ጡንቻ ይህ አይደለም እያሉ ይከራከራሉ። እንግዲህ የእኛውም መኪና ካባው የጀግና፣ ሆዱ የቈጣቢ ነበር ማለት ነው።

ደስታው ግን እውነተኛ ነበር፤ ይህን ብክድ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በጊልሮይ በኩል ስናልፍ ጣራው ክፍት ስለ ነበር የነጭ ሽንኵርቱ ሽታ እንደ ወጥ ቤት ሽታ ተቀበለን፤ አገሩ በነጭ ሽንኵርት የታወቀ ነውና። ወደ ሞንተሬይ ስንቃረብ ከባሕር የሚመጣው ጉም በበጋ ቀን ብርድ ለቀቀብን። እኔም ከሻንጣዬ ጋቢዬን አውጥቼ ተከናነብሁ። ሰዎች በቀይ መኪና ውስጥ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ሽማግሌ እያዩ እጃቸውን ያነሡልኝ ነበር፤ እኔም አጸፋውን እመልስ ነበር።

ያን ጊዜ የልጅነቴ ነገር ትዝ አለኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር በከተማችን ገበያ አጠገብ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው ነበረ። ሳንቲማችንን በላብ እስክትርስ ጨብጠን ተራችንን እንጠብቃለን፤ ተራው ሲደርስ አንድ ዙር እንነዳለን። ከዚያ ወዲህ የራሴን ብስክሌት ገዝቻለሁ፤ ግን እንደዚያች አንድ ዙር አልጣፈጠኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የገዛነውን ነገ አለ ብለን እንንቀዋለን፤ የተከራየነውን ግን መጨረሻውን ስለምናውቅ በሙሉ ዐይናችን እናየዋለን። ይህ የኪራይ የመጀመሪያው ምስጋና ነው።

ሁለተኛው ምስጋና ዕዳው አጭር መሆኑ ነው። ለይምሰል ሲል ከዐቅሙ በላይ የሆነ መኪና በብዙ ዓመት ብድር የሚገዛ ሰው የመኪናው አሽከር ይሆናል፤ የተከራየው ግን ሁለት ቀን ተደስቶ ነጻ ይወጣል።

ነቀፌታውም አለ። የመጀመሪያው ነቀፌታ ስለ ፍጥነት ነው። ኀይለኛ መኪና እጅ ያልለመደው ሰው ሲይዘው አደገኛ ነው፤ ኀይሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ስለ ሆነ፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ነዳጁን በድንገት የረገጠ እንደ ሆነ የመኪናው ጀርባ ወደ ጐን ይሸሻል። ፈረስ እንኳ ጋላቢው እስኪለምደው ድረስ በለሰለሰ ልጓም ይያዛል። ሁለተኛው ነቀፌታ፣ ነጂው መኪናውን ሲያደንቅ አገሩን ሳያይ መመለሱ ነው። የሞተሩን ድምፅ ለመስማት የባሕሩን ድምፅ የሚያጣ መንገደኛ ከቤቱ ባይወጣም ይሻለው ነበር።

የእኅቴ ልጅ ግን ከሁለቱም ነቀፌታ ነጻ ሆኖ አገኘሁት። ከካርሜል ወደ ደቡብ የሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል አለበት። ከፊታችን ቤት የሚያህል የመንገደኞች መኪና እንደ ኤሊ ይሄድ ነበር። እኛም 300 ፈረሶቻችንን ይዘን ከኋላው አዘገምን። ልጁ አንድ ጊዜም ጡሩምባ አልነፋም። ኀይል እያለው የሚታገሥ ወጣት ማየት ከዚያ መኪና የበለጠ አስደሰተኝ።

ሦስተኛው ነቀፌታ ከሁሉ የከፋው ነው፤ እሱን ግን በሌላ ሰው ላይ ልጽፈው አልችልም።

በ1932 ተሠርቶ ያለቀው የቢክስቢ ድልድይ ከሸለቆው ወለል 80 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ የሲሚንቶ ቅስት ነው። እዚያ ደርሰን መኪናውን አቆምንና፣ «ጋሼ፣ ፎቶግራፍ ላንሣዎት» አለኝ። ስሜ በውሉ ላይ ስላልተጻፈ ያን መኪና አንዲት ክንድ እንኳ ልነዳው አይፈቀድልኝም ነበር። ሆኖም ተነሥቼ በነጂው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ጋቢዬን አውልቄ ከወንበሩ ሥር ሸሸግሁ። የልጁን ጥቁር መነጽር ተውሼ አደረግሁ፤ መሪውንም በሁለት እጄ ጨበጥሁ። በዚያችው ማታ ሥዕሉን «ደኅና ነኝ» ከሚል ቃል ጋር በስልክ ለዘመዶቼና ለጎረቤቶቼ ላክሁት። በቃሌ ምንም ሐሰት አልነበረበትም፤ ሐሰቱን የተናገረልኝ ዝምታዬ ነበር።

ሰኞ ጧት ልጁ ታንኩን ሞላ፤ የገባውን አሸዋ ጠርጎ አወጣ፤ ቁልፉን መለሰ። ከመለየቱ በፊት የፈረስ አንገት እንደሚዳብስ ሰው የመኪናውን ግንባር በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያም ኮሮላዋን አስነሣ፤ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች፤ ሣቀና ሄድን። ስለ መኪናው ለማንም ሲያወራ አልሰማሁም፤ ለማንም ሥዕል ሲልክ አላየሁም። ደስታው ቁልፉን በመለሰበት ጠረጴዛ ላይ አልቋል።

ከዐሥር ቀን በኋላ የጎረቤቴ ሚስት ከአገር ቤት ደወለችልኝ። ልጇ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሒሳብ የማስጠናው እኔ ነበርሁ። «መምህር፣ ልጄ መጽሐፉን ዘጋ» አለችኝ። «መምህር እዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው መኪና አልነበራቸውም፤ እዚያ በሁለት ወር ቀይ መኪና ገዙ። ታዲያ ትምህርት ምን ያደርግልኛል እያለ ነው። በድንበር ከሚያሻግሩ ደላሎች ጋርም መነጋገር ጀምሯል።»

እጄ ተንቀጠቀጠ። በዚያ መንገድ ሄደው በበረሃና በባሕር የቀሩትን የተማሪዎቼን ስም አውቃለሁ። ይህን ልጅ ወደዚያ የገፋው ደላላው ብቻ አልነበረም፤ ጋቢውን ከወንበር ሥር የሸሸገው መምህሩም ነበር።

የእኅቴን ልጅ የኪራዩን ደረሰኝ ለመንሁት። የቀኑን ዋጋ፣ ኢንሹራንሱን፣ ግብሩንና ቤንዚኑን አንድ በአንድ ዘርዝሬ፣ ያን ለመክፈል ስንት ሌሊት ሽማግሌ ማገላበጥ እንደሚያስፈልግ አስልቼ፣ መኪናውን አንድም ጊዜ እንዳልነዳሁት ጨምሬ ለልጁ ጻፍሁለት። እሱም በማግሥቱ፣ «መምህር፣ ደረሰኙን ከፎቶግራፉ ጋር አብረው ቢልኩት ጥሩ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወደ ትምህርቱ ተመልሷል። ነገር ግን አገሬ ከገባሁ ወዲህ እንደ ቀድሞው ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቴ አይመጣም፤ በመንገድ ስንገናኝ በአክብሮት እጅ ነሥቶኝ ያልፋል።

ወጣቶች ሆይ፤ የቀድሞ ታላላቆቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። በኪራይ ፈረስ ግን የፈረስ ስም አይወጣም። ይህን የምላችሁ መከራየትን ልከለክላችሁ አይደለም። በላባችሁ ካገኛችሁት ገንዘብ ለቤተሰባችሁ የሚገባውን ከከፈላችሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ጣራው የተከፈተ መኪና ተከራይታችሁ በባሕር ዳር ብትሄዱ ደስታችሁ ንጹሕ ነው፤ እኔም ዳኛ ሆኜ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ቁልፉን ስትመልሱ በመኪናው ያገኛችሁትን ክብርም አብራችሁ መልሱ። ከሩቅ አገር የሚያምር መኪና ተደግፎ የተነሣ የሰው ሥዕል ሲደርሳችሁ ደግሞ፣ ከመቅናታችሁና መጽሐፋችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት፣ ያልተላከ ደረሰኝ ሊኖር እንደሚችል አስቡ።

እኔ ያችን ሥዕል አልቀደድኋትም። አሳትሜ ከደረሰኙ ጋር በአንድ ፍሬም ውስጥ አድርጌ በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አኑሬአታለሁ። እንግዳ ሲመጣና መኪናውን ሲያደንቅልኝ፣ ጣቴን ወደ ደረሰኙ አመለክታለሁ።