«የበረሃ መርከብ» ስለሚባለው ሐረግ

ስለ ጅግጅጋና በአቅራቢያዋ ስላሉት ከተሞች በአማርኛ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው፥ ግመልን «የበረሃ መርከብ» የሚል ሐረግ ሳያጋጥመው አይቀርም። ከቀብሪበያህ እስከ ሐርትሼክ፥ ከአውበሬ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያለውን አገር ለመግለጥ የተነሣ ጸሐፊ፥ ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያው ገጽ ይህችን መርከብ ይዞ ይመጣል። እኛም የሐረጉን ምንጭና ትርጕም መርምረን፥ ለዚህ አገር ይስማማ እንደ ሆነ ለመመዘን እንወዳለን።

ሐረጉ የአማርኛ ተወላጅ አይደለም። የዓረብ ባለቅኔዎች ግመልንና መርከብን ማመሳሰል የጀመሩት ከእስልምና በፊት ነው፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዙ ሩማም ግመሉን በምድር መርከብ መስሏታል። ቁርኣንም በ23ኛው ምዕራፍ የሰው ልጅ በእንስሳትና በመርከብ እንደሚጫን ሲናገር ሁለቱን በአንድነት ያነሣቸዋል።

«መርከብ» የሚለውም ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። በግዕዝ «ረከበ» ማለት አገኘ ማለት ሲሆን፥ በዓረብኛ ግን ተቀመጠበት፥ ጋለበ ማለት ነው፤ ስለዚህ በዓረብኛ መርከብ የሚወጡበትና የሚቀመጡበት ነገር ማለት ይሆናል። ሶማልኛውም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። እንግዲህ ግመል ከመርከብ ስም ተዋሰች ከማለት ይልቅ፥ መርከብ ስሟን ከጋላቢ ቋንቋ ወሰደች ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

በእርግጥ በድምፅ መመሳሰል ብቻ የቃል ምንጭ አይፈረድም። በድርቅ ጊዜ ለሕዝቡ ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ፥ ድምፁ የእንግሊዝኛውን የጀልባ ስም ቢያስታውስም፥ የመጣው በርሜልን ከሚያመለክተው የጣልያንኛ ቃል ነው።

ሐረጉ እውነት የሆነበት ስፍራ መኖሩን አንክድም። በጥንቱ የበርበራ ገበያ፥ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ፥ ከሐረርና ከኦጋዴን የወረዱ የግመል ቅፍለቶች ከባሕር ማዶ ከመጡ ባለ ሸራ መርከቦች ጋር ይገናኙ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ከግመሉ ጀርባ የወረደው ቡናና ቆዳ ወደ መርከቡ ሆድ ሲገባ፥ ግመልና መርከብ በአንድ መንገድ የተቀባበሉ ሁለት ጫኞች ነበሩና ምሳሌው በዚያ ስፍራ ተገቢ ነው።

ወደ አርብቶ አደሩ ቤት ስንመለስ ግን ምሳሌው ይሰናከላል። መርከበኛ በመርከቡ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፤ የሶማሌ አርብቶ አደር ግን በልማዱ ግመል አይጋልብም። በገመድ እየሳበ ከፊት በእግሩ ይሄዳል፤ ግመሉም የቤቱን እንጨትና ሰሌን ተጭኖ ይከተላል። ከዚህም በላይ መርከብ አትታለብም። ግመል ግን ላምና ፍየል በነጠፉበት ወራት ሳይቀር ለልጆች ወተት ትሰጣለች። በነባሩ ሥርዓት የአንድ ወንድ የደም ካሣ 100 ግመል ሆኖ የሚቈጠረውም፥ ግመል የሕይወት መለኪያ ስለ ሆነች ነው። ቋንቋውም የሴቷን «ሀል»፥ የጭነቱን ወንድ «አውር»፥ ወጣቱን «ቃሊን» እያለ ለይቶ ሲጠራ፥ እኛ ሁሉን በአንዲት መርከብ እንጠቀልለዋለን።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ እንዳይመስል። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዝናሙ ደጋግሞ ቀርቶ ከብት ሲያልቅ፥ ግመልን እንደ መርከብ ብቻ የሚያስብ አንባቢ የጠፋው ማጓጓዣ ይመስለዋል፤ ማጓጓዣ ከሆነም የጭነት መኪና ይተካዋል ብሎ ሊጽናና ይችላል። የሞተችው ግን የቤቱ ጓዳ ናት፤ ጓዳንም መኪና አይተካም። የተሳሳተ ምሳሌ ኀዘንን ያሳንሳል፤ ኀዘኑን ያሳነሰም ርዳታውን ማሳነሱ አይቀርም።

ስለዚህ ስለዚህ አገር የሚጽፉ ደራሲዎቻችን ሐረጉን ፈጽመው ይተዉት አንልም፤ ስለ በርበራ መንገድና ስለ ቅፍለት ሲጽፉ ይጠቀሙበት። ስለ ቤተ ሰብ፥ ስለ ወተትና ስለ ድርቅ ሲጽፉ ግን መርከቧን በወደቧ ትተው፥ ግመሏን ባለቤቱ በሚጠራት ስም ቢጠሯት፥ ጽሑፋቸው ከአገሩ እውነት ጋር ይስማማል እንላለን።