ሁለት ሰው፣ አንድ ኖታ

ቫዮሊን የሚማር ልጅ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ የሚዘጋጀው ብቻውን ለመሰማት ነው። የሚመዘነው በኮንቸርቶ ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከአጃቢው ፒያኖ በላይ ድምፁን አውጥቶ። ትልቅ ኦርኬስትራ ሲቀጥረው ግን ምናልባት ከ16 አንደኛ ቫዮሊኖች አንዱ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ለብቻው ከተሰማ አጥፍቷል ማለት ነው። በሙያችን ከዚህ የከበደ መታጠፊያ አላውቅም።

የመግቢያው ፈተናም ለዚህ አያዘጋጅም። መጀመሪያ የሞዛርት ኮንቸርቶ፣ ቀጥሎ ከኦርኬስትራ ሥራዎች የተመረጡ ቦታዎች ይመጣሉ፦ የሪቻርድ ስትራውስ «ዶን ሁዋን» የመጀመሪያ ገጽ፣ የሹማን 2ኛ ሲምፎኒ ስኬርዞ፣ የሞዛርት 39ኛ ሲምፎኒ። ብዙ ሰው የሚደነቀው በ«ዶን ሁዋን» ሽቅብ ሩጫ ነው። እኔ የምጠብቀው የሞዛርትን ዝግ ያለ ሁለተኛ ክፍል ነው። ፍጥነት ጉድለትን ይሸፍናል፤ እዚህ ግን ደጋኑ ክሩን የሚነካባት ቅጽበት ሳትቀር ትሰማለች።

ቦስተን ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈታኞችን ከመጋረጃ ጀርባ ማድመጥ ጀመረ፤ የጫማ ኮቴ ጾታን እንዳያሳብቅ ምንጣፍ የሚያነጥፉም አሉ። መጋረጃውን አጥብቄ እደግፋለሁ። በ1882 የተመሠረተው በርሊን ፊልሃርሞኒክ የመጀመሪያዋን ሴት አባል፣ ቫዮሊኒስቷን ማድሌን ካሩዞን፣ የተቀበለው ከ100 ዓመት በኋላ ነው።

ይሁንና ተፈታኙ ሌላውን ማዳመጥ ይችል እንደሆነ መጋረጃው አይነግረንም። ስለዚህ የሙከራ ጊዜ አለ። በርሊን ውስጥ እስከ 2 ዓመት ይቆያል፤ ማብቂያው ላይ የኦርኬስትራው አባላት ድምፅ ይሰጣሉ። ቪየና ፊልሃርሞኒክን ለመቀላቀል ደግሞ አስቀድሞ በመንግሥታዊው ኦፔራ ቤት ኦርኬስትራ 3 ዓመት መጫወት ግድ ነው። ቢረዝምም ተገቢ ነው እላለሁ፤ ኦፔራ የዘፋኙን ትንፋሽ መጠበቅ ያስተምራልና።

ትክክለኛው ፈተና የሚጀምረው ወንበር ላይ ነው። ሁለት ሰው አንድ የኖታ ማቆሚያ ይጋራል። ገጹ ሲያልቅ በውስጥ በኩል ያለው መጫወቱን አቁሞ ይገልጣል፣ በተመልካቹ በኩል ያለው ይቀጥላል። ደጋን የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ኮንሰርትማስተሩ፣ ማለትም የአንደኛ ቫዮሊኖቹ መሪ፣ ይወስናል፤ ምልክቱ በእርሳስ ከፊት እስከ ኋላ ይተላለፋል።

ኋላ የሚቀመጡት ደካሞቹ ናቸው የሚል ግምት አለ። ስህተት ነው። የፊተኞቹ ድምፅ ወደ ኋላ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁን ጠብቆ የሚነሳ ሰው ዘግይቷል። ስለዚህ የኋላው ተጫዋች ጆሮውን ሳይሆን የኮንሰርትማስተሩን ደጋን ያምናል፤ የሰማውን እያረመ አይኑ ያየውን ይጫወታል። ይህን ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ተዘግቶ የሚለማመድ ሰው አይቀስመውም።

ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ ከሌላ ቦታ ወጥተው ኦርኬስትራ ለሚመኙ ወጣቶች ኮንቸርቶውን ሳይተዉ ሦስት ጓደኛ ፈልገው የሃይድን ኳርቴቶችን እንዲጫወቱ እመክራለሁ፤ አንድ ሳምንት አንደኛ ቫዮሊን፣ በሚቀጥለው ሁለተኛ።