አንድ ጥርስ

መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ የጋራዡ የዘወትር ሥራ ባጃጅ ነው። አሮጌ ሆንዳ ኤክስኤል ሲገባ ግን የመካኒኩ አቀማመጥ ራሱ ይለወጣል። የግብርና ባለሙያዎች በየገጠሩ የነዷቸው እነ ያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ናቸው፤ ቫልቮላም ካምሻፍትም የላቸውም። ሆንዳው ፎር ስትሮክ ነው። ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ተቀምጦ በቀጭን ካቴና ከኮሎው ጋር ተያይዟል፤ ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ቫልቮላው መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ይኸው ትስስር ነው።

የጥገና መጽሐፉ እንደሚለው ይህን ትስስር የማስተካከል ሥራ አጭር ነው። ቮላኖው ላይ ቲ የተጻፈበትን ጭረት ከቋሚው ምልክት ጋር አግጥም፣ የካምሻፍቱን ጥርስ ምልክት ከቴስታታው ጠርዝ አስተካክል፣ ካቴናውን አልብስ። ከቲ አጠገብ ኤፍ የሚል ሌላ ጭረት አለ፤ እሱ የእሳቱ ነው፤ የቸኮለ ሰው ይሳሳትበታል።

ችግሩ ብዙ ዓመት የሠራ ካቴና መለጠጡ ነው። ያኔ የካምሻፍቱ ምልክት በትክክል አይገጥምም፤ ከጠርዙ ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ ይቆማል። አንድ ጥርስ ቢገፋ ደግሞ ያልፋል። የካምሻፍቱ ጥርስ 36 ቢሆን አንድ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው፤ በኮሎው ሲታሰብ 20 ዲግሪ። ይህን ያህል የዘገየ ሞተር ሊነሳ ይችላል፤ ሚኒሞ ላይ ግን ይንገዳገዳል፣ ከወልድያ ወደ ድልብ በሚወጣው ዳገት ላይም ጉልበት ያጣል። ስህተቱ ከዚያ ከበዛ ቫልቮላው ፒስተን ሊመታ ይችላል።

እኔ ያየሁት መካኒክ እዚህ ላይ ሲደርስ ምልክቱን ማመን አቆመ። ቮላኖውን በቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ቀስ አድርጎ አዞረ። ምልክቱን በፀጉር ያህል ቢያልፈው እንኳ ወደኋላ አልመለሰም፤ ዙሩን ጨርሶ እንደገና መጣ። ወደኋላ ከተመለሰ የሚጎትተው የካቴናው ወገን ይላላል፣ የሚያየውም ነገር ውሸት ይሆናል። ከዚያ የሁለቱንም ቫልቮላ ክፍተት እኩል አድርጎ፣ ፒስተኑ ጭሱን ገፍቶ ጨርሶ አናት ላይ የሚደርስበትን ቅጽበት ፈለገ። እዚያ ላይ የማስወጫው ቫልቮላ ሊዘጋ ነው፣ የማስገቢያውም መከፈት ጀምሯል፤ ሁለቱም ጥቂት ተገፍተዋል። የአውራ ጣቱን ጥፍር አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ሞላ ጫፍ ላይ አሳርፎ የተገፉትን መጠን አስተያየ። የማስወጫው ከበለጠ ካምሻፍቱ ዘግይቷል፤ የማስገቢያው ከበለጠ ቀድሟል። መለኪያ ሰዓት በሌለበት ጋራዥ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አላውቅም፤ የሚለካው ጭረቱን ሳይሆን ቫልቮላው የሚሠራውን ነውና።

የሞተሩ ባለቤት ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ጋሼ፣ አልደረሰም?» አለ።

«አብሽር» አለው፤ ቁልፉን ግን ከዳዶው ላይ አላነሳም።

ይህ ሁሉ ክዳኑ ሲገጠም የማይታይ ሥራ ነው። ደንበኛ የሚከፍለው ለተቀየረ ዕቃ ነው፤ እዚህ ግን የተቀየረ ዕቃ የለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ዋጋ የማይተመንለት መሆኑ ያሳዝነኛል። መካኒኩ ሁለቱን ጥርሶች በየተራ ሞክሮ የኋለኛውን መረጠ፣ ካንዴላውን አውጥቶ ሞተሩን በእጁ ደጋግሞ አዞረ፣ የሚነካካ ነገር እንደሌለ ሲያምን ብቻ ክዳኑን ዘጋ። ለባለቤቱም አዲስ ካቴና እንዲፈልግ ነገረው፤ ሲገኝ ሥራው ከቲ ጭረት እንደገና ይጀመራል።