ከ15ቱ መንደሮች አብደራፊ ለምን ቀረች?

የገበሬው መሬት እየተቆራረጠ ነው ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል። አባት ለልጆቹ ያካፍላል፣ ልጆቹም በተራቸው ለልጆቻቸው ያካፍላሉ። በመጨረሻ አንዱ ከወንዝ ማዶ፣ ሌላው ከጋራው ጀርባ የሆነ ቁራሽ ማሳ ብቻ ይቀራል። ታሪኩ እውነት ነው። ግን የት ተጠንቶ? መልሱን ለማመን መጀመሪያ የመንደሮቹን ዝርዝር ማየት ይኖርብናል።

እስቲ በጣም የታወቀውን እንውሰድ፤ የኢትዮጵያ የገጠር ቤተሰቦች ጥናትን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 በ15 መንደሮች ወደ 1,480 ገደማ ቤተሰቦችን ይዘው ጀመሩት። እነዚያኑ ቤተሰቦች እስከ 2009 ድረስ እየተመላለሱ ጠየቋቸው። ይሄ ትልቅ ሥራ ነው። ስለ መሬት የተጻፉ ብዙ ጽሑፎችም በዚህ ዳታ ላይ ቆመዋል።

ታዲያ መንደሮቹ እንዴት ተመረጡ? 6ቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ድርቅና ረሃብ ሲጠና የተመረጡ ነበሩ። 9ኙ የተጨመሩት የተለያዩ የእርሻ ዓይነቶችን፣ ለምሳሌ እንሰትን፣ ለማካተት ነው። ከአማራ ክልል የትመን፣ ሹምሸሃ፣ ዲንኪና የደብረ ብርሃን አካባቢ ገቡ። ከመተማ እስከ አብደራፊ ካለው የምዕራብ ቆላ ግን አንድም የለም። አዘጋጆቹ ራሳቸው መንደሮቹ አገሪቱን በሙሉ አይወክሉም ብለዋል። ጥፋቱ ያለው ዳታውን አንስቶ በደፈናው «የኢትዮጵያ ገበሬ» በሚለው ጸሐፊ ላይ ነው።

ምክንያቱም በምዕራብ አርማጭሆዋ አብደራፊ ነገሩ ሌላ ነው። ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በሚመረትበት በዚህ ቆላ መሬት የሚገኘው ከአባት ብቻ አይደለም። በሰፈራ ያገኘ አለ፣ ከመንግሥት የተከራየ ባለሀብት አለ፣ ጫካ መንጥሮ የያዘም አለ። ለአረምና ለአጨዳ ደግሞ ከደጋ ብዙ ወጣት ይወርዳል። ከነሱ ውስጥ እቤት የሚካፈሉት መሬት ያለቀባቸው አሉ። እንግዲህ ደጋውን ብቻ ያጠና ሰው መሬቱ ሲያልቅ ያያል፤ ልጁ የት እንደሄደ ግን አያይም።

መለኪያውም ያው ችግር አለበት። ሲምፕሰን የሚባለው ቀመር የእያንዳንዱን ማሳ ስፋት በራሱ አባዝቶ ይደምርና ለጠቅላላው ስፋት ካሬ ያካፍላል፤ ውጤቱን ከ1 ይቀንሳል። የትመን ውስጥ 4 ሩብ ሩብ ሄክታር ማሳ ያለው ገበሬ 0.75 ያገኛል። አብደራፊ ላይ 4 ባለ 50 ሄክታር እርሻ የያዘ ባለሀብትስ? እሱም 0.75! ቀመሩ ስፋትንም ርቀትንም አያውቅም። ሁለቱን ቦታዎች አንድ ላይ ካላስቀመጣችኋቸው ይህ ጉድለት አይታይም።

«በቃ በዕጣ ይመረጥ» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011/12 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና የዓለም ባንክ የጀመሩት ጥናት 290 የገጠር የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መርጧል። በብዙ የተሻለ ነው። ግን ዕጣው ሰው ለበዛበት ቦታ የበለጠ ዕድል ይሰጣል፤ ሰፊ መሬትና ጥቂት ነዋሪ ያለው ቆላ እዚህ ላይ ይጎዳል። ሌላም አለ፦ የሚጠየቀው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የባለሀብቱ ሰፊ እርሻም፣ በዳስ የሚያድረው የቀን ሠራተኛም ከመዝገቡ ውጭ ይቀራሉ።

ስለ መሬት መቆራረጥ ለማጥናት ለሚነሳ ሰው የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። መንደሮችን መጀመሪያ መሬት በተገኘበት መንገድ መለየት፦ በውርስ፣ በሰፈራ፣ በኪራይ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ምድብ ውስጥ በዕጣ መምረጥ። ከደጋው መንደር የወጣው ልጅ የሚሠራበትን የቆላ መንደርም አብሮ መያዝ። ወደ አብደራፊ ደግሞ ሠራተኛው ባለበት በአረምና በአጨዳ ወቅት መውረድ።

ይህ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። የመሬት ፖሊሲ የሚወጣው እንዲህ ባሉ ቁጥሮች ተደግፎ ነው፤ ያልተቆጠረ መንደር ደግሞ ለሌላው በተሰፋ ልብስ ይኖራል። ስለዚህ «ገበሬው» የሚል ጥናት ስታነቡ፣ መደምደሚያው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት «የትኛው ገበሬ?» ብላችሁ ጠይቁ።